አርባ አንድ ኪርያላይሶን

ሰኔ 14 ቀን 1962 ዓ.ም.፣ ብቸና

እሑድ። ከቅዳሴ መልስ ዝናብ። ቤቱ በምሥራቁ ጥግ ያፈሳል፤ ገበቴ ደቅኜበታለሁ። ክዳኑን ማስጠገን አለብኝ… ባለፈው ክረምትም ይህንኑ ጽፌ ነበር።

ወደ ማታ ስሜነሽ መጣች። የጓሮውን ክፍል የተከራየችው ነርስ፣ የሐረር ልጅ። ሞጣ ሊልኳት ነው። የፈንጣጣ ክትባት አለ፤ ክረምቱን እዚያ ልትከርም።

«ጋሼ ገብረ ኪዳን፣ አንድ አደራ አለኝ።»

ሣጥን መስሎኝ «አምጪው» አልሁ። የሽቦ ቤት ይዛ ገባች። ውስጡ ሁለት ወፍ! ከድንቢጥ እምብዛም አይበልጡም፤ ምንቃራቸው ግን እንደ በቀቀን ቆልመም ያለ ነው። አንዷ አረንጓዴ፣ ራሷ ቢጫ። አንዱ ሰማያዊ። አዲስ አበባ አብሯት ይሠራ የነበረ ፈረንጅ ሐኪም ወደ አገሩ ሲመለስ ሰጥቷት ነው። የእንግሊዝኛ ስማቸውንም ነገረችኝ፤ አልያዝሁትም። እሷ ሴቷን ሎሚ፣ ወንዱን ሰማይ ትላቸዋለች።

«በበቅሎ ስንት ቀን ሲናጡ ይሞቱብኛል። ለመስቀል መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።»

«እኔ የወፍ ነገር አላውቅም» አልኋት።

«ምንም አይቸግርም። ዳጉሳና ውኃ፣ አልፎ አልፎ ጎመን። እጅዎን ግን ቶሎ አያስገቡባቸው። መጀመሪያ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ጸሎትዎን ጮክ ብለው ያድርሱ፤ ድምፅዎን ይልመዱት። ከዚያ እጅዎን። ከዚያ በኋላ ራሳቸው ይመጣሉ።»

እምቢ ማለት ነበረብኝ? አደራ ከተባለ በኋላ እንዴት እምቢ ይባላል።

ሰኔ 16

ስሜነሽ ትናንት በማለዳ ሄደች። የወፎቹን ቤት በመስኮቱ በኩል ሰቀልሁት። በገባሁ ቁጥር ይተራመሳሉ። ሽቦውን በክንፋቸው ይደበድቡታል፣ ዳጉሳው ወለል ላይ ይረግፋል። ስወጣ ዝም።

በር ላይ ቆሜ አዳመጥሁ። እኔ ከሌለሁ ያወራሉ። ውኃ የወረዱ ልጃገረዶች ይመስላሉ፤ ማቆሚያ የለውም።

በዚህ ቤት ወሬ ከተሰማ ዓመት አልፎታል።

ሰኔ 21

ማርያም። ባለቤቴ ወለተ ሐና ካረፈች ዓመት ከአንድ ወር። መቃብሯ ደርሼ መጣሁ። ሣሩ በቅሏል።

ባለፈው ወር በሙት ዓመቷ ቀን የሆነውን እስካሁን አልጻፍሁትም። አፍሬ ነው። ዛሬ ልጻፈው።

ወጉ ነው፤ ዓመት ሲሞላ ዘመድ ተሰብስቦ የሐዘንተኛውን ከል ያወጣለታል። ራስ አያወጡትም። ልጄ ፈንታነሽ ከሞጣ ድረስ መጣች፣ አዲስ ነጭ ጋቢ ይዛ። ካህናቱ፣ ዘመዱ ባለበት ተነሥታ ጥቁሩን ጋቢ ከትከሻዬ ልታነሣ ስትል እጇን ያዝሁት።

«ተይ» አልሁ።

«አባባ፣ ዓመት ሞላኮ።»

«ለአንቺ ሞልቶ ይሆናል።»

ሰው ሁሉ ሰማ። ለአንቺ ሞልቶ ይሆናል… እሷስ እናቷ አይደለችም?

ስእለት ስላለብኝ ነው። በቀብሯ ቀን አፈሩ ላይ ቆሜ «ይህን ከል ሞት እንጂ ሰው አያወጣልኝም» ብዬ ምያለሁ። ግን ለፈንታነሽ እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም። የልጅ ልጄ አገሬ ደግሞ፣ ገና አራት ዓመቷ፣ ጉልበቴን እንድትስም ሲያቀርቧት ጮኸች። እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገባች። «ሳትቀጣ ያደገች» ብዬ ተናገርሁ። ይኸም ተሰማ።

እህል ሳይቀምሱ ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ከሞጣ ደብዳቤ የለም። ነጩን ጋቢ ፈንታነሽ ለጎረቤቴ ለሀብትነሽ ትታው ሄደች፤ በቤቴ እንዲያድር አልፈቀድሁማ።

ሰኔ 27

እንዳለችኝ አደረግሁ። ወንበሬን አስጠግቼ የጠዋት ጸሎቴን ጮክ ብዬ አደረስሁ። እነሱ ከማዶው ሽቦ ላይ ተለጥፈው… ልባቸው ሲመታ ከላባቸው ሥር ይታያል። ሐሳቤ ወደ እነሱ እየሄደ ሁለት ጊዜ ተሳሳትሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሐምሌ 5

የሐዋርያት ጾም ተፈታ። ብቻዬን ፈታሁ። ወተት።

ሐምሌ 13

ቀኑን ሙሉ በችሎት የምስክር ቃል ስጽፍ ዋልሁ። ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተካሰው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ። ጣቴ ደንዝዟል።

ስገባ ሀብትነሽ ከወፎቹ ፊት ቆማ አገኘኋት። ጎመን በሽቦው ታቀብላለች። ሎሚ ከጣቷ ትበላለች! ከጣቷ! አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ብል ተተራመሱ፤ ጎመኑ ወደቀ።

«ምን አድርገሃቸው ነው?» አለች።

«ምንም።»

«ምንም ያልተደረገ እንዲህ አይሆንም። ጭልፊት ያየ ጫጩት ነው የሚመስሉት።»

«እንግዲያ አንቺ ዘንድ ይክረሙ።»

«ድመቴንስ የት ልውሰዳት? አይጥ አልቆባት ሰው ሰው እያየች ነው!»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አራዊት ለጻድቃን ይገዙ ነበር ሲባል ሰምቻለሁ፤ አንበሳው ከባሕታዊው እግር ሥር ይተኛል። ከእኔ ድንቢጥ የምታህል ወፍ ትሸሻለች። ምን አይተውብኝ ነው? እነሱ የሚያዩት፣ እኔ የማላየው ኃጢአት የትኛው ነው?

ሐምሌ 16

ጸሎት ጨምሬአለሁ። ጠዋትም ማታም ወፎቹ ዘንድ። ቁጣ ይሆን የሚያዩብኝ? ትምክሕት? ለፈንታነሽ የተናገርሁት ቃል? በየቀኑ አንድ አንድ እያነሣሁ ነፍሴን እመረምራለሁ። እነሱ ግን ሽቦውን ይመታሉ።

ሐምሌ 22

ከችሎት ስወጣ በረዶ ያዘኝ። ጋቢዬ ውኃ ጠጥቶ ከበደኝ። ገብቼ፣ ሳላስብ፣ ከወፎቹ ቤት አጠገብ ቆሜ አራገፍሁት… አንዴ ብቻ። ሁለቱም ተወረወሩ። ሎሚ ሽቦውን በራሷ መታችው። ወደቀች። ተነሣች።

ደህና ትመስላለች። ጥግ ይዛ ተቀምጣለች።

ሐምሌ 23

ሎሚ ሞተች።

ሐምሌ 24

ከብሳናው ሥር ቀበርኋት። ስይዛት ይኸ የመጀመሪያዬ ነው። ክብደት የላትም። አንድ ጭብጥ ባዘቶ። በሕይወት ሳለች አንድ ቀን ያላስነካችኝን…

ሰማይ መወጣጫው ላይ ነው። እሷ ትቀመጥ የነበረበትን ቦታ ትቶላት ይቀመጣል። መካከል ላይ ቢሆን ይመቸው ነበር፤ አይጠጋም።

እኔም እስከ ዛሬ የምተኛው በአልጋው ጠርዝ በኩል ነው።

ሐምሌ 27

ሰማይ አይበላም። ላባውን ነፍቶ ድቡልቡል ብሏል። ዓይኑን ይጨፍናል። ስገባ ግን ያችኑ ያለችውን ኃይል አውጥቶ ሽቦውን ይመታል።

ለስሜነሽ ጻፍሁ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድሁት። ለሰው አቤቱታ ስጽፍ የኖርሁ ሰው የራሴን መጻፍ አቃተኝ። በመጨረሻ ይህን ብቻ፦ «ሁለት ተቀብዬ አንዷን ገደልሁ። አንዱም ሊሞት ነው። ምን ላድርግ?» ወደ ሞጣ ለሚሄድ ነጋዴ ሰጠሁት።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ፍርድ ቤቱም ለክረምት ተዘጋ። ሌላ ጊዜ ሱባኤ እገባ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ አሥራ አምስቱንም ቀን። ዘንድሮ ቀረሁ። ሰማይ ለማን ይቀራል? ወይስ ሰበብ ነው?… ሰበብ አይመስለኝም። ሎሚን የገደልሁ እኔ ነኝ።

ዛሬ አምስት ፍሬ ዳጉሳ በላ። ቆጥሬአለሁ፣ በበሩ ቀዳዳ።

ነሐሴ 6

ስሜነሽ መለሰች። ወረቀቱ በዝናብ ርሶ ግማሹ ቀለም ፈሷል፤ ግን ይነበባል።

«ጋሼ፣ አያልቅሱ።» እንዴት አወቀች?

«ይህ ዓይነት ወፍ ብቻውን አይቆይም። እዚህ አገር ሌላ አይገኝለትም። ስለዚህ ጓደኛው እርስዎ ይሁኑት። ካልለመደዎት ይሞታል፤ እውነቱን ልንገርዎት። እስኪበረታ የተቀቀለ ዕንቁላል በጥቂቱ ፈርፍረው ይስጡት። ሲጠጉት ፊት ለፊት አይዩት። ትኩር ብሎ የሚያየው ሁሉ ሊበላው የመጣ ይመስለዋል። ጎንዎን ሰጥተው ይቀመጡ። ለሎሚ አዘንሁ። በእርስዎ ግን አላዘንሁም።»

የመጨረሻዋን ደጋግሜ አነበብኋት።

ግን ዕንቁላል! በፍልሰታ!

ነሐሴ 7

በር ዘግቼ ቀቀልሁ፣ እንደ ሌባ። ሀብትነሽ ቅርፊቱን አመዱ ላይ አየችው።

«ገብረ ኪዳን! ሕፃን እንኳ በሚጾመው ጾም!»

«ለወፉ ነው።»

«አዎን፣ ለወፉ ነው! ዓምና ወፍ ያልነበረው ገብረ ኪዳን ይህን ቢያይ ምን ይል ይሆን?»

ነሐሴ 8

መምሬ ወልደ ሰንበት ብቅ አሉ፣ የነፍስ አባቴ። ሀብትነሽ እንደነገረቻቸው ካመጣጣቸው ያስታውቃል። ከበር ላይ ቆመው ሰማይን ረጅም ጊዜ አዩት።

«ክርስትና ተነሥቷል?»

«የለም አባ።»

«እንግዲያ ምን ጾም አለበት? ይብላ እንጂ።» ደግሞ ቀጠሉና፣ «ያበላው እጅስ ጣቱን አልላሰም?»

«ኧረ አባ!»

ከት ብለው ሳቁ። ከዚያ ዓይናቸው ጥቁሩ ጋቢዬ ላይ ወደቀና ሳቁ ቆመ። ባርከው ሄዱ።

ዕንቁላሉን በላው። እኔ ከወጣሁ በኋላ፣ ጥቂት።

ነሐሴ 10

ክዳኑ ጉዱን አሳየኝ። ምሥራቁ ጥግ ተቀደደና ውኃው አልጋዬ ላይ ወረደ። ያለኝ ልብስ ሁሉ ራሰ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ሳለ ሀብትነሽ ያን ነጭ ጋቢ ይዛ ገባች።

«አልለብሰውም።»

«እንግዲያ በብርድ ሙትና እኛም ለአንተ ከል እንልበስ!» ላዬ ላይ ጣለችው። ሄደች።

ለበስሁት። ብርዱ አስገደደኝ። ከሉ እስኪደርቅ ብቻ ብዬ… ስእለት ማፍረስ ይሆን?

ለሰማይ ውኃ ልቀይርለት ሄድሁ። ሽቦው ሲመታ ለመስማት ጆሮዬን አዘጋጅቼ። አልመታም። በሩን ከፈትሁ፣ እጄን አስገባሁ፣ ውኃውን አወጣሁ፣ ቀይሬ መለስሁ። ራሱን ዘንበል አድርጎ አየኝ። አልሸሸም።

ቆሜ ቀረሁ።

ነሐሴ 11

ፈተንሁት። መፈተን ደግ አይደለም፤ ግን ማወቅ ነበረብኝ። ከሉ ደርቋል። ለብሼው ገባሁ፤ ሽቦውን መታ። ወጥቼ ነጩን ለብሼ ገባሁ፤ ዝም። እንደገና በከሉ… ገና ከበሩ ሳላልፍ ጮኸ። አራተኛ አልሞከርሁም። እሱን ማሠቃየት ነው።

እጄን አልነበረም የሚፈራው። ኃጢአቴንም አልነበረም። ጋቢውን ነው። ጥቁር ነገር ከላይ ተዘርግቶ ሲመጣበት ለእሱ የጭልፊት ክንፍ ነው። ያን ዕለት ደግሞ አራገፍሁት…

አንድ ወር ሙሉ ነፍሴን ስመረምር ትከሻዬን ሳላይ!

አገሬስ? አራት ዓመት ሕፃን። ያ ጥቁር ነገር፣ ከነጢሙ፣ ጎንበስ ሲልባት። እሷም ሽቦ ቢኖራት ትመታው ነበር።

ነሐሴ 12

ለሀብትነሽ ነገርኋት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። የነጩን ጋቢ ጫፍ በጣቶቿ ያዘች።

«ይህ የማን ፈትል እንደሆነ ታውቃለህ?»

«የገበያ ነዋ።»

«የወለተ ሐና ነው። ሳትታመም ለአንተ ብላ የፈተለችው። ፈንታነሽ ሞጣ ወስዳ ለሸማኔ ሰጥታ አሠራችው። ከለበስኸው በኋላ ልትነግርህ ነበር።»



«ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?»

«መቼ አስነገርኸኝና! ‹ፈንታነሽ› ብዬ ስጀምር ‹ተይ›፤ ‹ጋቢው› ስል ‹ተይ›። ወፉ ታደለ፤ እሱን ዝም አላሰኘኸውም።»

ከሄደች በኋላ ጋቢውን ወደ መስኮቱ ይዤው ሄድሁ። ምንም አይሸትም፣ የሸማኔ ቤት ብቻ። ፈትሉን ግን አወቅሁት። ቀጭን ሆኖ አልፎ አልፎ ጉጥ አለው። እየፈተለች ወሬ ሲይዛት ነው ያ ጉጥ የሚመጣ። «ተበላሸብሽ» እላት ነበር። «አንተ አስወርተኸኝ» ትለኝ ነበር።

ብዙ ጉጥ አለው። ብዙ አውርታኛለች።

ነሐሴ 16

ፍልሰታ ተፈታ። ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ወልደ ሰንበትን ዋርካው ሥር ለብቻቸው አግኝቼ ስለ ስእለቱ ተናዘዝሁ። ለማንም ነግሬ አላውቅም ነበር።

«ማንን አማክረህ ተሳልህ?»

«ማንንም።»

«ለማንስ ነው የተሳልኸው?»

«ለእሷ።»

«ስእለት ለእግዚአብሔር ነው፣ ልጄ። ለእሷ የሰጠኸው ፍቅር ነው። እሱን ማን ያወጣብሃል?» መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ አዞሩት። «ከሉን ለወለተ ሐና ብለህ ለበስኸው። የከበደው ግን በማን ትከሻ ላይ ነው? እስቲ አስበው።»

ፈንታነሽ ትዝ አለችኝ፣ እጇ በእጄ ተይዞ።

የሰባት ቀን ስግደት ሰጡኝና «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉኝ።

«እንግዲያ ላውጣው አባ?»

«ራስህ? ወጉን ረሳኸው እንዴ? ልታወጣልህ መጥታ የመለስኻትን ታውቃታለህ።»

ሞጣ ሩቅ ነው። መንገዱ ጭቃ፣ ወንዙ ሙሉ። እሷስ… ትቀበለኛለች?

ነሐሴ 20

እንዲህ አደርጋለሁ። ከቤት ስወጣ ከሉን፤ ለሰማይ ነጩን።

እጄን ማስገባት ጀመርሁ። መዳፌ ላይ ዳጉሳ፣ ጎኔን ሰጥቼ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ። ምን ያህል ልቆይ? ሰዓት የለኝም። አርባ አንድ ኪርያላይሶን እስክጨርስ ብዬ ቆረጥሁ። በአሥራ አምስተኛው ክንዴ ይዝላል። በሠላሳኛው ይንቀጠቀጣል። አርባ አንድ ሲሞላ ቀስ ብዬ አወጣለሁ። ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ።

እሱ ምንም። ቢሆንም አልሸሸም።

ነሐሴ 24

ወደ እጄ አንድ እርምጃ። አንዲት። ከዚያ ተመለሰ።

ነሐሴ 26

ዛሬ ቸኮልሁ። በሠላሳ ዘጠነኛው አንገቱን ስቦ አንዲት ፍሬ ከመዳፌ አነሣ። ደስ ብሎኝ ጣቴን ወደ እሱ ቀና አደረግሁ። በረገገ። ማታ ጭራሽ ከጥግ አልተነቃነቀም።

ደስታም ሲቸኩል ያስፈራል። ወለተ ሐናን ሳጫት እንዲሁ ነበርሁ… አባቷ ቤት በሳምንት ሦስት ጊዜ።

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል። ልጆች በዝናቡ ይጠመቃሉ፤ ጩኸታቸው ቤት ድረስ ይሰማል። እጄ ሽቦው ውስጥ ነበር። በሃያ ሰባተኛው ጣቴ ላይ ወጣ።

እግሩ ቀዝቃዛ ነው። ጥፍሩ አይወጋም፤ ይይዛል እንጂ። ዳጉሳውን አንድ በአንድ ለቀመ፣ ቅርፊቱን መዳፌ ላይ እየተወ። ቆጠራው ጠፋኝ። ከአንድ ጀመርሁ፤ እንደገና ጠፋኝ። ሲበቃው ወረደና መወጣጫው ላይ ተመለሰ። መካከል ላይ ተቀመጠ። መካከል ላይ!

ከዚያ ማውራት ጀመረ። ከሎሚ ወዲህ የመጀመሪያው። ሳላቋርጠው ሰማሁት።

ይተርፋል። ዛሬ ይህን ለመጻፍ ደፈርሁ።

መስከረም 1 ቀን 1963 ዓ.ም.

ዓመቱ ተለወጠ። ሀብትነሽ የእንግጫ ሣር ጉንጉን አምጥታ ወፉ ቤት ላይ አሰረችው።

«ጎረምሳ አይደል? ይገባዋል።»

«ለእኔስ?»

«አንተ መጀመሪያ ጢምህን ተላጭ!»

ሁለታችንም ሳቅን። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

መስከረም 9

ከስሜነሽ ደብዳቤ። ሥራዋ ሞጣ ሆኗል፤ አትመለስም። «ለመስቀል ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኙ ሰማይን ይላኩልኝ» ትላለች።

የሚመጣ ሰው…

ፈራሁ። ሰማይን ስለማጣው ነው? ፈንታነሽ በር ላይ ስለምትቆም ነው? ሁለቱም። ማታ ጣቴ ላይ ተቀምጦ ነገርሁት። ዳጉሳውን ቀጠለ።

አደራ ግን አደራ ነው። እኔው እወስደዋለሁ።

መስከረም 14፣ ግንደወይን

ከብቸና በወጣን በሁለተኛው ቀን። አብረውኝ ሞጣ የሚሄዱ አራት ነጋዴዎች አሉ። የወፉን ቤት በቅሎ ላይ አቅፌ፣ ነጩን ጋቢ አልብሼው። ከሉን እኔ ለብሻለሁ፤ የሚያወጣልኝ እስኪያወጣልኝ። በጋቢው ሥር ሆኖ ስለማያየኝ አይደነግጥም፤ ድምፄን ብቻ ይሰማል። ሲናጥ ኪርያላይሶን እልለታለሁ፤ ዝም ይላል።

«ምንድን ነው ያቀፍኸው? ማር ነው?» ይሉኛል በመንገድ።

«ወፍ ነው።»

«እሱ ራሱ ጥቁር ለብሶ ለወፍ ነጭ ያለበሰ ሰው አየን!» አለ አንዱ።

«ወፉ ነው ሐዘኑን የፈታ» አልሁት። ነጋዴዎቹ ሳቁ። እውነቴን እንደሆነ አላወቁም።

መስከረም 15፣ ሞጣ

ደረስሁ። ፈንታነሽ በር ላይ ነበረች። አገሬ ከኋላዋ፤ አንድ ዓይኗ ብቻ ይታየኛል። ያ ጥቁር ነገር እንደገና መጣባት።

አልገባሁም። የወፉን ቤት ደጃፉ ላይ አስቀምጬ ከላዩ ጋቢውን አነሣሁ፤ ሰማይ ከሉን አይቶ ሽቦውን መታ። አጥፌ በሁለት እጄ ሰጠኋት።

«ያን ቀን እጅሽን ያዝሁብሽ። ዛሬ አልይዝም» አልሁ። ሌላም ሳስብ የከረምሁት ነበር፤ ጠፋኝ።

ጋቢውን አየች። ወፉን አየች። እኔን አየች።

«አባባ፣ ወፉን ይዘው ነው የመጡት፣ ወይስ ወፉ ነው ይዞዎት የመጣው?»

እንደ እናቷ ነው የምትናገር። ልክ እንደሷ።

ከሉን ከትከሻዬ አነሣችው። ነጩን አለበሰችኝ። «ፈትሉን አወቅሁት» አልኋት። ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ ግንባሯን ደረቴ ላይ አድርጋ።

«ለአንቺ ሞልቶ ይሆናል ያልሁትን…»

«ይተዉት፣ አባባ። ይግቡ፤ ወፉን ብርድ ይመታዋል።»

መስከረም 16

ጢሜን ተላጨሁ። ፊቴ ቀዘቀዘኝ።

ስሜነሽ መጣች። ስለ ሎሚ በቃሌ ልናዘዝላት ስጀምር «ጽፈውልኛል፣ ጋሼ» አለች። እጄን አስገባሁ። ሰማይ ሳይጠራ መጥቶ ጣቴ ላይ ወጣ።

«ለእኔ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም» አለች። ቅናት የለባትም፤ ደስ ብሏታል። «እኔ ቀን ቀን ክትባት ላይ ነኝ። ብቻውን ከሚውል እናንተ ዘንድ ይዋል። እርስዎም እንዲህ ቶሎ አይመለሱም መሰለኝ።»

ፈንታነሽ «አይመለሱም» አለች፣ እኔ ሳልጠየቅ።

አገሬ ግን አልቀረበችኝም። ጥቁሩ ቢወጣም ያየችውን አልረሳችም። ከምሰሶው ኋላ ሆና ወፉን ታያለች፤ እኔ ቀና ስል ትጠፋለች። እናቷ ጎትታ ልታመጣት ስትል «ተያት» አልሁ። «በመጎተት አይሆንም።»

መስከረም 17

መስቀል። ሰው ሁሉ ከደመራው ቦታ ተመልሶ በየቤቱ ገብቷል። እኔ ከሰማይ ቤት አጠገብ መደቡ ላይ ተቀመጥሁ፣ ጎኔን ለምሰሶው ሰጥቼ። መዳፌ ላይ የተፈለፈለ የበቆሎ እሸት። እጄን ዘረጋሁ። ግድግዳውን እያየሁ በልቤ ጀመርሁ።

በአሥራ አምስተኛው ክንዴ ዛለ። በሠላሳኛው ተንቀጠቀጠ። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ዞሬ አላየሁም። በሠላሳ ስምንተኛው ጣቶች መዳፌን ነኩ። ሞቃት ናቸው። አንድ ፍሬ ወሰዱ። ሄዱ። ተመለሱ፣ ሁለት ወሰዱ።

ሦስተኛውን ሳትሄድ በላችው።

«ስሙ ማን ነው?»

«ሰማይ።»

«ይናከሳል?»

«የለም። ይፈራል እንጂ።»

«እኔም እፈራለሁ» አለች።

«እኔም» አልሁ።

ይኸን አሰበችበት። ከዚያ መደቡ ላይ ወጣች።

አሁን ይህን የምጽፈው በአንድ እጄ ነው፤ ፊደሉ ተጣሟል። በግራ ክንዴ ላይ ተኝታለች፣ ጋቢው ውስጥ። ጣቷ አንዱን ጉጥ እንደያዘ ነው። ሰማይ ያወራል። ከእሱ ትከብዳለች፣ እጅግ። ክንዴ ደንዝዟል፤ አርባ አንዱ ካለፈ ቆይቷል።

አላንቀሳቅሰውም።